እምብርት፦ ደርቋል

ከጮቄ ሥር
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አክስቴ ለሲስተር የኔዓለም፤

እንደምን ከርመዋል? የስዊድን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት። «ያቺ የባሌ እኅት ጨርሳ ረሳችን» እያለች ታማዎታለች እንጂ ስምዎን ሳታነሣ ውላ አታድርም።

ስልክ የማልደውልልዎ ንቄዎ እንዳይመስልዎ። ከሮብ ገበያ ወዲህ ያለው የኔትወርክ ማማ ከተበላሸ ወራት ሆነው፤ መንገዱም አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። እንግዲህ እንደ ድሮው ሰው በወረቀት መነጋገራችን ነው። ይህን ደብዳቤ ማርቆስ ለሚወርድ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ጸጋው እጅ ይገባል፤ ጸጋው ፎቶ አንሥቶ ይልክልዎታል። የእርስዎንም መልስ አትሞ በዚያው መንገድ ይሰድልኛል። (ጸጋው፣ እንዴት ነህ? ፎቶ ለማንሣት ማንበብ ግድ አይደለም።)

አዲስ ነገር ቢኖር፣ ወንድሜ ይስማውና ሚስቱ ሙላቷ መስከረም ላይ ወንድ ልጅ ታቅፈዋል። ኅዳር አራት ቀን ክርስትና ተነሣ፤ ስሙን ምስጋናው ብለነዋል። የአርባ አምስት ቀን ክትባቱንም እኔው በገዛ እጄ ሰጥቼዋለሁ፤ ደህና ነው። እናቴ የልጅ ልጅ አይታ ደስታዋን አልቻለችውም።

አሁን አንድ የሥራ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ይህን ያህል ዘመን በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆነው ሠርተዋልና ያውቁታል። አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያችን መጥታ ነበር። ልጇ ሁለት ወር አልፎታል። እትብቱ በዘጠነኛው ቀን ወድቋል፤ እምብርቱ ግን እስካሁን ይረጥባል አለችኝ። መግል የለውም፤ ትኩሳት የለውም፤ ጡት በደንብ ይጠባል። ጨርቁ ግን ሆዱ ላይ ርጥብ ነው። ይለወጥለታል፣ እንደገና ርጥብ ነው። ሲተኛም ሲነሣም ርጥብ ነው። ዝም ቢባል የሚደርቅ ነገር ነው? ሐምራዊውን የቁስል ቀለም ልቀባው? እዚህ የምጠይቀው ሐኪም የለም፤ በሽተኛ የምናየው እኔና አንዲት አዋላጅ ብቻ ነን።

ጤና ይስጥልኝ፤ እመቤቴ ትጠብቅዎ።

የወንድምዎ ልጅ ዓይናዲስ ጀምበሩ


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

ለዓይናዲስ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የነካሽው ሁሉ ይዳን። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፤ ለዚያ ካልሆነ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። ለእናትሽ ለዘቢደር ንገሪያት፤ ለሠርጌ ያዋሰችኝን ጫማ ሳልመልስ የወጣሁ ሰው እሷን እንዴት ብዬ እረሳለሁ! የምስጋናውን መወለድ ስሰማ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

አሁን ስሚኝ። ቀለም አትቀቢ። ቅቤም እንዳያስነኩት። የሚያቃጥለውን መድኃኒት ደግሞ፣ አንዳንዱ ቀይ ሥጋ ያየ መስሎት እምብርት ላይ የሚጠርገውን፣ በሞቴ እንዳትሞክሪው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይታወቅ።

ልጅ በማኅፀን ሳለ ከሽንት ፊኛው ተነሥቶ ወደ እምብርቱ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለው። ዩራከስ ይሉታል። ከመወለዱ በፊት ይዘጋና እንደ ጅማት ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ሳይዘጋ ይወለዳል። ያን ጊዜ ሽንቱ በእምብርቱ በኩል ይወጣል። ሰው ግን ጨርቁ ከታች የረጠበ እየመሰለው ወር ሁለት ወር ያሳልፋል። ቱቦው ከእምብርቱ በኩል ብቻ ክፍት የሆነም አለ፤ መካከሉ ላይ ብቻ ውኃ የቋጠረም አለ። ስለዚህ ሽንት ሽንት አልሸተተም ብለሽ የለም እንዳትዪ።

ልጁን ሆዱን ገልጠሽ ብርሃን ላይ አስተኚው። እምብርቱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቂና ዝም ብለሽ እዪ። ሲያለቅስና ሲያምጥ ጥርት ያለ ውኃ ችፍ የሚል ከሆነ አገኘሽው ማለት ነው። እንጨትም ሆነ ቱቦ እንዳታስገቢበት። ከታች ሽንቱ እንዴት እንደሚወጣም እዪ፤ ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ ይወጣል ወይስ ጠብ ጠብ ይላል? ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ከታች መንገዱ ተዘግቶ ይሆናልና ቶሎ ነው የሚላከው። ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከተኮሰ ደግሞ በዚያው ዕለት መርፌ ወግተሽ ትልኪዋለሽ። ባይቀላም አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል።

ደግሞ አንድ ነገር። ጨርቁ ርጥብ ነው፣ ርጥብ ነው፣ ርጥብ ነው አልሽኝ። አንድ ቀን ያየሽው የሰው ልጅ ከሆነ ሲተኛና ሲነሣ የሚረጥበውን በምን አወቅሽ? ልጁ የማን ነው?

አክስትሽ የኔዓለም


ከጮቄ ሥር
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

ለውድ አክስቴ፤

ባሉበት ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይጠብቅዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ እጅዎን ይባርከው። እናቴ የጫማውን ነገር ስትሰማ እስክታለቅስ ሳቀች፤ «ጫማው ይቅር፤ እግሯን ታምጣልኝ» ብላለች።

ስለ ልጁ የጻፉልኝን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጁ የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ የነገረችኝን ነው የጻፍኩልዎ። እስካሁን ሆዱን ገልጬ አላየሁትም። አያትየው ከገዛ መቀነቷ ቀድዳ ሆዱን ጠቅልላ አስራዋለች፤ እምብርቱ እንዳይገፋም ነው፣ ለሰው ዓይንም ነው። የሀገሩን ነገር ያውቁታል፤ የአራስ ልጅ ሆድ በሰው ፊት አይፈታም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ አያትየው ከአጠገቡ አልነሣ አለች፤ እኔም ትንሽ ተጫውቼ ተመለስኩ።

እስቲ ልጠይቅዎ፤ በራሱ ጊዜ የሚዘጋ የለም? ልጁ ይስቃል፤ ያድጋል፤ ኪሎው ጥሩ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው ቢጠበቅ ምን ይለዋል? ካለ ይጻፉልኝ፤ ትንሽ ልቤ ይረፍ።

ገና ደርሷል። መልካም በዓል ይሁንልዎ።

ዓይናዲስ


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017

ለዓይናዲስ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ፤ ቤታችሁን በሙሉ እንኳን አደረሳችሁ።

«ልቤ ይረፍ» አልሽኝ። የማን ልብ ነው የሚያርፈው? አንቺ ልጅ፣ እኔን አታታዪኝ።

አዎ፣ በራሱ የሚዘጋ አለ። ትንሽ ሆኖ፣ ሳይመረቅዝ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚደርቅ አለ። ግን ይጠበቅ ብሎ የሚወስነው አልትራሳውንዱን አይቶ፣ በየጊዜው እያየ የሚከታተል ሐኪም ነው። መቀነት ውስጥ ጠቅልሎ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ርጥብ ጨርቅ፣ የታፈነ ቆዳ፣ ወደ ፊኛ የሚወስድ ክፍት መንገድ፤ አስቢው እስቲ። አንድ ቀን ይመረቅዛል። ያኔ የሚሯሯጡት እናትና አባቱ ናቸው።

አያት ከአጠገቡ አልነሣ ብትል ነርስ ነሽ፤ አስነሺያት። «እማማ፣ ይቅርታ፤ ልየው» ማለት ምን ይከብዳል? ያቺ አያት ዘቢደር ብትሆን እንኳ እንደዚያ ነው የምትያት። ዘቢደር ብትሆን እንኳ ያልኩትን ልብ በዪ።

ይህ እንደደረሰሽ ሂጂና መቀነቱን ፍቺ።

የኔዓለም


ከጮቄ ሥር
ጥር 2 ቀን 2017

ለአክስቴ፤

መልስዎ እስካሁን አልደረሰኝም፤ መንገድ ተዘግቶ ሰንብቷል፤ ዛሬ ነው የተከፈተው። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ምስጋናው ታሟል። የእኛው ምስጋናው። ትናንት ሲያቃትተው አደረ። ዛሬ ጠዋት ይዘውት መጡ፤ ሰውነቱ ይፋጃል፤ ጡት አልይዝም ብሏል። መቀነቱን በመቀስ ቆረጥኩት። እምብርቱ ዙሪያ ቀልቷል፤ ከእምብርቱ በታች የእጄን መዳፍ የሚያህል አብጦ ጠንክሯል፤ መግል አለው። የመጀመሪያውን መርፌ ወግቼዋለሁ። ማርቆስ ሳያቆዩት በቀጥታ አዲስ አበባ እንዲልኩት ጽፌያለሁ። ይስማውና ሙላቷ ይዘውት እየሄዱ ነው። እኔ ጣቢያውን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፤ አዋላጇ ፈቃድ ላይ ናት።

ጸጋው፣ ይህ ሲደርስህ እነሱም ይደርሳሉ። ተቀበላቸው፤ አደራ። ለእትዬ የኔዓለም ያኔውኑ ላክላት።

አክስቴ፣ ጸልዩልኝ። ለልጁ ማለቴ ነው።

ዓይናዲስ


ጎተንበርግ
ጥር 6 ቀን 2017

ለዓይናዲስ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ልጁ በሕይወት አለ። ትኩሳቱ በርዷል። ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጸጋው ከአጠገባቸው አልተለየም፤ የዚያ ልጅ ወሬኝነቱ አንድ ቀን ይጠቅማል እል ነበር፤ ይኸው ጠቀመ። ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኝቶኛል። ጎበዝና ትሑት ሰው ነው፤ ኪዳነ ማርያም ይባላል። ያልኩትን በትዕግሥት ሰማኝ። የመለሰልኝን ልንገርሽ፤ ደጋግመሽ አንብቢው።

አልትራሳውንዱ እብጠቱንና መግሉን እንጂ ሌላ አላሳየም። እንዲህ ሲመረቅዝ ሁሉ ይጋረዳል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሄደው በታሪኩ ነው። ታሪኩን ደግሞ ከክትባት ካርዱ አገኘው። ጸጋው ካርዱን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የአንቺ ጽሕፈት ነው፤ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኅዳር 11፤ «እምብርት፦ ደርቋል።» ከአንቺ ዘንድ የመጣው የሪፈር ወረቀትም «ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ቀን» ይላል። ሙላቷን ቢጠይቃት፣ «ካርዱ ላይ እንዳለው ነው፤ ደህና ነበረ» አለችው።

ደርቆ የከረመ እምብርት በሁለት ቀን ካበጠ ከውጭ የገባ ቁስለት ነው፤ መግሉ ይወጣል፣ መድኃኒቱን ይጨርሳል፣ ቤቱ ይገባል። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 13 ሊያስወጡት ነው። ሙላቷም ቸኩላለች፤ ሀገሬ ሀገሬ ትላለች። ከተወለደ ጀምሮ ሳይደርቅ የቆየ ከሆነ ግን ቱቦው ክፍት ነው። ሳይመረመር ቢሄድ ተመልሶ ይመረቅዛል። ያኔ ደግሞ መንገዱ ይዘጋ ይከፈት የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። ያ ርጥብ ጨርቅ የማን ልጅ ነው? የሌላ ሰው ከሆነ ካርዱ ልክ ነው፤ ሐኪሙም ልክ ነው። የምስጋናው ከሆነ ካርዱ ዋሽቷል። እኔ ከዚህ ሆኜ በጥርጣሬ የልጅ ሆድ አስከፍቱ አልልም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

አየሽው ወይስ አላየሽውም? ሌላ ነገር አትጻፊልኝ።

የኔዓለም


ደብረ ማርቆስ
ጥር 12 ቀን 2017

ለአክስቴ፣ ለጸጋው፣ ለወንድሜ ለይስማው፣ ለሐኪሙ፤ ከሁሉ በፊት ለሙላቷ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት፣ ታቦት አጅበን ስንመለስ ነው። ዛሬ ሳይነጋ በእግሬ ተነሥቼ፣ ከዚያ የጭነት መኪና አግኝቼ ማርቆስ ወረድኩ። እዚህ ስልክ ይሠራል፤ ድምፅ እንጂ ፎቶ አያልፍም። ለእርስዎ መደወል እችል ነበር፤ ግን አፌን አላምነውም፤ ጀምሬ አዙሬ አዙሬ ሌላ ነገር አወራለሁ። ስለዚህ ስልክ ሳልነካ ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ለጸጋው ደውዬ ከወረቀቱ ላይ አነብበዋለሁ።

ጸጋው፣ ሁልጊዜ አታንብብ እልህ ነበር። ዛሬ ስልኩን ከፍ አድርገህ ሁሉም ፊት አስቀምጠው።

አላየሁትም።

ኅዳር 11 ሮብ፣ የገበያ ቀን ነበር። ሠላሳ አራት ልጅ ተሰልፏል። ምስጋናውን ያቀፈችው እናቴ ናት፤ ሙላቷ ከኋላ ነበረች። መቀነቱን ልፈታ እጄን ስሰድ እናቴ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ዓይን ባለበት?» አለችኝ፤ ቀስ ብላ። ቋጠሮውን ያሰረችው ራሷ ናት። በሰው ፊት እናቴን እንቢ ማለት አፈርኩ። የሌላ ሰው እናት ብትሆን እፈታው ነበር። መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋሁት፤ ካርዱ ላይ «እምብርት፦ ደርቋል» ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን ጠራሁ።

ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ኅዳር 25 ሙላቷ ብቻዋን መጣች። «እኅቴ፣ ይረጥባል» አለችኝ። ሙላቷ፣ አንቺ አስታዋሽ ነሽ። እኔ ምን አልኩሽ? «ካርዱን እዪ፤ ደርቋል ይላል። ሽንቱ ወደ ላይ እየረጠበ ነው፤ ጨርቁን አጥብቀሽ እሰሪ።» ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረሻል፤ ካርዱን አነበብሽው፤ አመንሽኝ። አንቺ በዓይንሽ ያየሽውን ትተሽ እኔ ሳላይ የጻፍኩትን አመንሽ። ያን ቀን ሆዴ ስለፈራ ነው ከሦስት ቀን በኋላ ለአክስቴ «አንዲት እናት» ብዬ የጻፍኩት።

በሁለተኛው ክትባትም መጥታችሁ ነበር። ሙላቷ ቋጠሮውን ልትፈታ ጀመረች፤ እናቴ እጇን ያዘቻት፤ እኔ «ይቅር፣ ተዪው» አልኩ። ተፈትቶ ርጥብ ቢገኝ ካርዱ ያጋልጠኛል ብዬ ነው። የአክስቴ መልስ ደርሶኝ ምን እንደሆነ ካወቅኩ በኋላም ቤታችሁ መጥቼ፣ ጠላ ጠጥቼ፣ ስለ ገብስ ዋጋ አውርቼ ተመለስኩ። ሪፈሩ ላይም «ሁለት ቀን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ በእሳት እየነደደ እኔ ካርዴንና ወረቀቴን ሳስማማ ነበር።

ዶክተር፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እምብርቱ አልደረቀም። ካርዱ ሐሰት ነው። እባክዎን እንዳያስወጡት።

ለጣቢያችን ኃላፊ ለአቶ ይሄይስም የሆነውን ጽፌ ትቼለት ነው የመጣሁት። የሚያደርገኝን ያድርገኝ። ሙላቷ፣ ይቅር በዪኝ አልልም አሁን። መጀመሪያ ልጁ ይዳን።

ዓይናዲስ


ጎተንበርግ
ጥር 20 ቀን 2017

ለዓይናዲስ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደግሜም ይመስገን።

ጸጋው ስልኩን ከፍቶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ስታነቢ ሦስት ቦታ ድምፅሽ ተቆርጧል አለኝ። ሐኪሙ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ብድግ አለ፤ የመውጫውን ወረቀት ቀደደው። ቁስለቱ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ጠብቀው በቀጭን ቱቦ ቀለም ያለው መድኃኒት ወደ ፊኛው ላኩ። በእምብርቱ ወጣ። ከታች መንገዱ ደህና ነው፤ የተዘጋ ነገር የለም። አሁን መድኃኒቱን ይጨርሳል፤ ቁስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ያልተዘጋው ቱቦ ከሥሩ ተቆርጦ ይወጣል። እስከዚያው ጸጋው ቤት ናቸው። አትሥጊ ብልሽም አትሰሚኝምና ሥጊ፤ ግን እንቅልፍ ተኚ።

ሙላቷ ምን አለች ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ወረቀቱ ራሱ በሹፌር ሲደርስ ከጸጋው ተቀብላ፣ አጥፋ፣ ጡቷ ሥር ከተተችው። ይቅር ትልሽ እንደሆነ አላውቅም። አላስታርቅሽም፤ ይህን ከእኔ አትጠብቂ።

አሁን ለማንም ያላወራሁትን ልንገርሽ። ከሀገር ሳልወጣ፣ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ፣ ታየች የምትባል ሴት ልጇን ታመጣልኝ ነበር። እምብርቱ ይረጥባል ትለኛለች። እኔ ገልጬም አየሁት፤ ከአንቺ የምሻለው በዚህ ብቻ ነው። ያየሁትን ግን አላወቅኩትም። ቀለም ቀብቼ መለስኳት። እንደገና መጣች፤ ቀለም ቀብቼ መለስኳት። በሦስተኛው ተቆጣኋት፤ «ንጽሕና አትጠብቂም» አልኳት፤ በሰው ፊት። በአራተኛው አልመጣችም። ከወር በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ባዶ ጀርባዋን ነበረች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ሰላም አለችኝ እኮ! የመጀመሪያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን እስኪነጋ አልተኛሁም።

አንቺ ዘግይተሽም ቢሆን ተናገርሽ። የተናገርሽውን ይዘሽ ሥሪ። እንኳን ደግ አደረግሽ አልልሽም፤ እወድሻለሁ ግን።

አክስትሽ የኔዓለም


ከጮቄ ሥር
መጋቢት 25 ቀን 2017

ለውድ አክስቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለትንሣኤው ያድርስዎ። ብዙ ሳልጽፍልዎ ቆየሁ፤ የምጽፈው ነገር እስኪገኝ ነው።

ከልጁ ልጀምር። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቆ፣ የመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ሳምንት ሀገሩ ገብቷል። አቶ ይሄይስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ሁለት ቅጂ አስፈረመኝ፤ ይገባኛል። የፈረምኩባቸውን የሕፃናት ካርዶች ሁሉ መዝገቡን ይዤ፣ መንደር ለመንደር እየዞርኩ፣ ሆድ እያስገለጥኩ አየሁ። አንዲት ሴት ልጅ ላይ የእምብርት ቀይ ሥጋ አገኘሁ፤ ልኬያታለሁ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

እናቴ ለሁለት ወር አላናገረችኝም። «እኔን ነው እንግዲህ በስልክ ለሀገር ያነበብሽኝ» ብላ። ልጁ ሲመለስ ጠባሳውን አየች፤ ደረቷን ደቃች፤ ከዚያ የቀረውን መቀነቷን ፈትታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አሁን ታናግረኛለች። ሙላቷ ግን ቤታቸው ስሄድ ወንበር ታቀርብልኛለች፤ እህል ታቀርብልኛለች፤ ልጁን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ይስማውም አንገቱን ይደፋል። እኔም መሄዱን ተውኩ።

ትናንት ሮብ ነበር። ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ቀና ስል ሙላቷ ቆማለች፤ ተራ ይዛ፣ እንደማንኛውም ሰው፣ ሰባተኛ ላይ። ያመለጠውን ሦስተኛ ክትባት ልታስወጋ ነው። እናቴ ከኋላዋ ናት፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ።

ተራዋ ደረሰ። ስሜን አልጠራችም። «ሲስተር» አለችኝ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ያንን የእኔን ወረቀትም ከጡቷ አውጥታ ከካርዱ ጎን አኖረችው። ከዚያ ምስጋናውን አጋድማ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጨርቁን አንድ በአንድ ፈታችው። እርቃኑን አስተኛችውና፣

«መጀመሪያ እዪ። ከዚያ ጻፊ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጠባሳው ቀጭን ናት፤ ከእምብርቱ ሥር አግድም የተሰመረች። በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብዬ ያዝኩት፤ ጨርቁን አነሣሁት፤ ደረቅ ነው። አላመንኩም፤ እንደገና ያዝኩት። እጄ ቀዝቅዞት ነው መሰለኝ ልጁ ተቆጣ፤ እሪ አለ፤ ሆዱን ነፋ። እኔ ዓይኔን ከእምብርቱ ላይ አልነቀልኩም። ያኔ ሽንቱን ለቀቀው። ከታች፣ ከቦታው፣ ቀስት ሠርቶ፣ ጋውኔ ላይ፣ አገጬ ላይ፣ መዝገቡ ላይ!

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እናቴ «እሰይ የኔ ጌታ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ሙላቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅኩም፤ ሁለቱንም ይመስለኛል። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አገጬን ጠረገችልኝ። ከኋላዋ የቆሙት እናቶች ሳይጠየቁ የልጆቻቸውን መቀነት መፍታት ጀመሩ።

እምብርቱ ያኔም ደረቅ ነበር። ብዕሬን አነሣሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ሙላቷ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ፊደል በፊደል ታነብ ነበር፦

«እምብርት፦ ደርቋል። አይቻለሁ።»

ዓይናዲስ